የቤተ ክርስቲያኑ ወጋግራ ድልድይ

ሦስት እንጨት ስለተጋደመበት መሻገሪያ መጻፍ ይገባ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ታሪክ ብለው ያስተማሩን የነገሥታቱን ነው። ነገር ግን አባቴ የሞቱት እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱንም እስካሁን ለእናቴ አልነገርኋትም።

በሰቆጣ የእኛ ሰፈርና የደብሩ ጉብታ ክረምት ሲከብድ ሁለት ደሴት ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ባለው ወንዝ ድፍርስ ጎርፍ ይወርዳል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የደብሩ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ፣ ከጣሪያው የወረዱትን ሦስት ረጃጅም ወጋግራዎች ሰዉ ተሸክሞ ወንዙ ላይ አጋደማቸው። ታቦት ያስጠለሉ እንጨቶች ናቸውና በጫማ የሚረግጣቸው አልነበረም። ገዥው እንኳ ከበቅሎው ወርዶ፣ ጫማውን አውልቆ ይሻገር ነበር። ባዶ እግር ለዓመታት ሲመላለስበት እንጨቱ እንደ ቀንድ ለሰለሰ። ስለዚህ ወደ ደብሩ ሲሻገሩ በቀኝ በኩል የሚያዝ ገመድ ተወጠረለት።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ጫማ አድርገው አያውቁም ነበር። በግራ እጃቸው መቋሚያ፣ በቀኛቸው ገመዱን ይዘው ይሻገሩ ነበር። ለክረምት ዕረፍት ስመጣ ጥቁር የቆዳ ጫማ አመጣሁላቸው። በፍልሰታ፣ ሲዘንብ ባደረበት ቀን፣ ረፋድ ላይ ለቅዳሴ አብረን ወጣን። ድልድዩ አፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ።

«አባቴ፣ አያውልቁት፤ ያዳልጣል» አልኋቸው።

«ታቦት ያስጠለለውን እንጨት በጫማ? ይህን ነው ያስተማሩህ?»

«እንግዲያው እኔ ልያዝልዎ።»

«ተው፣ አንተ ታቆሽሸዋለህ።»

እንቅብ የያዘች ጎረቤታችን ከኋላችን ሳቀች። «አባ፣ ጫማውን ሊያቆርቡት ነው?»

«ልጄ ነው ያመጣልኝ! ያንቺስ ልጅ ምን አመጣልሽ?»

«ባዶ ሆዱን ነዋ!»

አባቴ እየሳቁ ድልድዩ ላይ ወጡ። ጫማው በቀኝ እጃቸው ነበር። መካከል ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከዳቸው። ገመዱ ከክንዳቸው ስንዝር አይርቅም ነበር፤ ጫማውን ግን አልለቀቁም።

በማግስቱ ከታች፣ ጎርፉ አሸዋ ከሚጥልበት አገኘናቸው። በለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ «ዘመናቸውን ሁሉ የያዙትን ገመድ እንዴት ሳቱት?» እያሉ ሲደነቁ፣ ጎረቤታችን ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አቀረቀርሁ።

ከዚያ ወዲህ ድልድዩን የሚደፍር ጠፋ። ውሃው ሲጎድል ሰፈሩ ተሰብስቦ መከረ፤ የቤተ ክርስቲያን እንጨት አይነድም፣ አይሸጥምና ወደ ደብሩ ግቢ ይመለስ ተባለ። ወጋግራዎቹ ከወንዙ ላይ የተነሡት ጥቅምት 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።