ሹፌሩ ሰምቶት እኔ ያልሰማሁት አየር

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ከገጠር ገብስ ወደ አሰላ በሚጋዝበት በታኅሣሥ ወር ነው። በሥራዬ አፍሬ የማላውቅ ሰው ስለሆንኩ አልረሳውም። የማፍርበት ነገር ይኼ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃኛል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ሲሆን፣ መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም። መኪና እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ የማላነበውን መጽሐፍ ሥዕሉን እያየሁ ራሴን አስተማርኩ። በብረት ባሌስትራ ፋንታ ከሻሲው ሥር ባለ በአየር የተነፋ የጎማ ከረጢት ላይ የሚቀመጡት ከባድ መኪናዎች ወደ አካባቢያችን ሲመጡ፣ ዲፕሎማ የያዙት ዙሪያውን ሲዞሩ እኔ በሁለት ቀን ገባኝ። ሌላው አየር የሚያፈስበትን ቦታ የሳሙና አረፋ እየቀባ ይፈልጋል። እኔ ሞተሩን አስጠፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ በጆሮዬ አገኘው ነበር። ከሮቤ ድረስ ይህን ጆሮ ብለው የሚመጡ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ቶሎሳ የሚባል ሹፌር ተሳቢ መኪና ይዞ መጣ። መኪናው ቆሞ ሲያድር በግራ በኩል ይሰምጣል። ባለቤቱ አዳማ ነው የሚኖረው፤ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ቶሎሳ ደብቆ ትርፍ ዕቃ ይጭናል ብሎ ስለጠረጠረ፣ "ጋሼ ይዩት፤ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ" ብሎ ነው የላከው። የቶሎሳ እንጀራ በኔ ቃል ላይ ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሞተሩን አስጠፋሁ። አጠገቤ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታው ጀማል መዶሻውን አስቀመጠ። እኔ ሳዳምጥ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ተንበርክኬ ከዳር እስከ ዳር አዳመጥኩ። ምንም የለም።

ቶሎሳ ጣቱን ወደ ሻሲው ውስጥ ዘረጋ። "አባባ፣ እዚህ ጋ..."

"እጅህን ሰብስብ! ያንተ ጆሮ ከኔ ሊበልጥ ነው?"

"ኧረ አይበልጥም፣ አባባ።"

"ጎበዝ። አንተ መሪህን ያዝ፣ ጆሮውን ለኔ ተው።"

የቆሙት ሳቁ። እሱም እንደ መሳቅ አለ።

እዚያው እሱ ፊት ለባለመኪናው ደወልኩ። "መኪናህ ጤነኛ ነው። የሚያሰምጠው ጭነት ነው፤ ሹፌርህን ጠይቀው" አልኩት። ቶሎሳ አንዲት ቃል አልወጣውም። ዝምታውን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠርኩት። በማግስቱ ቁልፍ አስረክቦ ተባረረ ሲሉኝ "ከኔ የሚደበቅ ነገር የለም" ብዬ ፎከርኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው መኪና በሌላ ሹፌር ተመለሰ። ባዶውን አድሮ፣ በዚያው በግራ በኩል ሰምጧል። ደነገጥኩ፤ ግን ፊቴ ላይ አላሳየሁም። ሞተሩን አስጠፍቼ እንደገና ተንበረከክሁ። አሁንም ምንም አልሰማሁም።

ጀማል ዘንድ የሞተር ብስክሌቷን ጎማ የምታስጠግን አንዲት መምህርት ቆማ ነበር። በቅርቡ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ናት፤ እኔንም ልማዴንም አታውቅም።

"ይሄ የሚያፏጨው ምንድን ነው? እኔ እኮ እባብ መስሎኝ ክው አልኩ!" አለች።

ቀና ስል ጀማል መሬት መሬት ያያል። "የቱ ጋ ነው የሚያፏጨው?" አልኳት። ቀረብ ብላ አሳየችኝ። ቶሎሳ ጣቱን የዘረጋበት ቦታ ነው።

"ጀማል፣ አረፋ አምጣ" አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶት አያውቅም። አረፋውን ሲቀባው፣ ከሻሲው ጋር እየተፋተገ የተበሳ አንድ ቀጭን የአየር ቱቦ ላይ ገንፍሎ ወጣ። የተበሳውን ቆርጬ በመገጣጠሚያ ቀጠልኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ እጄ ዛሬም እጅ ነው።

መምህርቷ ስትሄድ ጀማልን ጠየቅሁት። "ያን ቀን አንተም ሰምተህ ነበር?"

"ሁላችንም ሰምተናል፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው አፍህን ይዘህ ቆምክ?"

"እርስዎ የለም ካሉ በኋላ ማን አለ ይላል? እርስዎ ምሳ ሲሄዱ እኔ እርስዎ ያልሰሙትን ስንቱን ቀዳዳ አረፋ ቀብቼ አጥብቄያለሁ።"

ለባለመኪናው ደውዬ "አዲስ ቀዳዳ አግኝቼ ሠራሁት" አልኩት። "እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!" አለኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው ስህተት ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጆሮ በእርጅና ይደክማል፤ አፌን ግን ማንም አላስገደደውም።

አንድ ሳምንት ቻልኩት፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ቶሎሳ ኦጎልቾ ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ ነው ሲሉኝ በሚኒባስ ሄድኩ። ከማሳ የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ ሲያወጣ አገኘሁት። ሲያየኝ ጆንያውን ጥሎ ወደ እኔ ሮጠ።

"አካም ጂርቱ፣ አባባ?" ብሎ ሰላም አለኝ። "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

የሽንኩርት ሣጥን ገልብጦ አስቀመጠኝና ቆሞ አዳመጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

"ሰምቼው ነበር እኮ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልጮህክም? እንጀራህ አይደለም?"

"አባት የሚሆን ሰው በሰው ፊት ላዋርድ? ብጮህስ፣ ባለመኪናው ከእርስዎና ከኔ ማንን ያምናል?" የእጁን አፈር አራገፈ። "ለኔ የነገሩኝን ለእሱ ይንገሩልኝ። አጭበርባሪ ብሎ ነው ያባረረኝ።"

እዚያው፣ እሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ለባለመኪናው ደወልኩ። የጆሮዬን ድካም ጭምር ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ይህን ያኔ ቢሉኝ ጥሩ ነበር። አሁን ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ፤ እሱንስ በምን ጥፋቱ ላባርረው?" አለኝ።

"ስሜ ጠራ፣ ይበቃል። ገላቶማ፣ አባባ" ብሎ አመሰገነኝ ቶሎሳ። ሚኒባስ ድረስ ሸኝቶኝ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

ዛሬም እሠራለሁ፤ በአረፋም ቢሆን ከኔ የሚስተካከል የለም። ለማውቃቸው ባለመኪናዎች ሁሉ ስለ ቶሎሳ ተናግሬያለሁ። "እናያለን ጋሼ" ይሉኛል። ያን ጠዋት ሥራውን ለማሳጣት አንድ ስልክ በቅቶኝ ነበር። ሥራ ላስገኝለት ግን ይኸው ወራት ሙሉ እየተናገርኩ ነው፤ ያ የተፈራ ቃሌ አልበቃም።