ለሁለቱም ወገን የተከራከረው እንግዳ

ጣሊያን ደሴ ከገባ ወዲህ የደብራችን የነሐስ መስቀል ዕቃ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት፣ ከማሽላ ጎታ ሥር ተቀብሮ ነበር። ይህን የምናውቅ ሦስት ነን፤ ቄሱ አጎቴ፣ ጎረቤታቸው ሼህ፣ ተሸክሜ ያሻገርሁት እኔ።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርሁ። ሳምንቱን ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ስፈልጥ እሰነብትና እሑድ ሆጤ አጎቴ ቤት እወጣለሁ። አጎቴ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነገር ግን አለባቸው፣ በክርክር መረታት አይሆንላቸውም። እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ነበር።

አንድ እሑድ እንግዳ መጣ። ካኪ ኮት የለበሰ፣ አማርኛው የጠራ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ የያዘ። ስኳር ያን ጊዜ ከማን እጅ እንደሚገኝ እናውቃለን። የጥንት ታሪክ እወዳለሁ አለና ደጃፍ ላይ ከሰው ጋር ተቀመጠ።

"አባ፣ ክርስትና በሶርያ ሰው እጅ መጣ የሚሉት ውሸት ነው። ከሐዋርያት አንዱ ራሱ በቦርከና በኩል ወጥቶ እዚሁ ወሎ ሰብኳል። ምልክት የሚሆን ዕቃም ትቷል ይባላል።"

"በቦርከና?" አሉ አጎቴ። "ወባ አልያዘውም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዳውም አብሮ ሳቀ።

በሳምንቱ ነገሩን ገልብጦ መጣ። "ሳስበው እርስዎ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሐዋርያም አልመጣ። እንዲያውም እዚህ አገር ክርስትና የትናንት ነው። የቆየ ቢሆን ኖሮ አንድ የጥንት ዕቃ እንኳ በተገኘ።"

ሼሁ ከጎኔ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ወላሂ፣ ይህ ሰውዬ የሚያምነው ነገር የለውም" አሉኝ። "የሚከራከር ሰው ወገን ይይዛል። ይኸ ያለፈውን ራሱ አፈረሰው። ሁለቱንም ጊዜ ግን ዞሮ ዞሮ ዕቃው ላይ አረፈ።"

የአጎቴ የአንገት ሥር ተገትሯል። መስቀሉ ላይ የተቀረጸውን፣ የጥንት መሆኑን የሚመሰክረውን ጽሑፍ በቃላቸው ያውቁታል። አፋቸውን ቢከፍቱ ክርክሩን ያሸንፋሉ፤ መስቀሉም ይሄዳል፣ የደበቁት ሼህም አብረው ይሄዳሉ።

"ምን ይላሉ፣ አባ?" አለ እንግዳው።

አጎቴ ሼሁን አየት አደረጓቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ልክ ሳትሆን አትቀርም ልጄ። የቆየ ነገርም የለን። ረታኸኝ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እንግዳው ስኳሩን ትቶ ሄደ፤ ዳግመኛም አልመጣ። ሰላይ ይሁን ወይም ጨዋታ ወዳድ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስኳሩን ግን ማንም አልቀመሰው።

ዲያቆናቱ አጎቴን ለቀቅ አላደረጓቸውም። "አባ፣ በስኳር ተረቱ አሉ" እያሉ ያሽሟጥጧቸዋል። ድሮ ከማንም ጋር የሚሟገቱት ሰውዬ ከቅዳሴ በኋላ በዝምታ ቤታቸው ይገቡ ጀመር። እኔም እውነቱን ልናገርላቸው አልችልም።

ጣሊያን ሲወጣ ጎታውን ገፍተን መስቀሉን አወጣነው። አጎቴ አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

"እንግዲህ ደስ ይበልህ" አሏቸው ሼሁ።

"ያ ሰውዬ የት ይሆን?"

"ምን ያደርግልሃል? ሰላይ ነበር እኮ።"

"ይሁን" አሉ አጎቴ። "ይምጣና ክርክራችንን እንጨርስ።"