ፖምፓውና የከብቶቹ ተራ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የካምፑ አለቃ አቶ ጌጡ አንድ ቀይ ቀለም የተቀባ ማሽን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኸውልህ፤ ይህ ድንጋይ ይልጣል» አሉኝ። ድንጋይ መላጥ ለምን እንዳስፈለገን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። የፈለግሁት ሥራ እንጂ ማብራሪያ አልነበረም።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ካምፑ ከወረታ ወጣ ብሎ በርብ ወንዝ ዳር ነበር። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የሚጠግኑ ግሬደሮች፣ ዶዘሮችና ገልባጭ መኪኖች የሚያድሩት እዚያ ነው። የእኔ ሥራ እነሱን ማጠብ ሆነ። በወረቀት ላይ «የማጠቢያ ፖምፓ ኦፕሬተር» እባል ነበር። ከቀን ሠራተኛ አንድ ደረጃ ከፍ፣ ከሾፌር ሦስት ደረጃ ዝቅ ማለት ነው።

ማጠቡ ለጌጥ አልነበረም፤ በኋላ ነው ጌጥ የሆነው። የፎገራ ዋልካ፣ ያ ጥቁር አፈር፣ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል፤ በበጋ እንደ ሸክላ ይደርቃል። በዶዘር ሰንሰለት መካከል ገብቶ የደረቀ እንደሆነ መዶሻ እንኳ አያወጣውም። ብረቱ ካልታጠበ ደግሞ መካኒኩ የተሰነጠቀውን ከደኅናው አይለይም።

ማሽኑ ተአምር አልነበረውም። አንድ የቤንዚን ሞተር አለ። ሞተሩ ፖምፓውን በቺንጊያ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ያዞራል። ፖምፓው ውኃውን በወፍራም ጎማ ይገፋዋል፤ በጎማው ጫፍ ረጅምና ቀጭን የብረት አፍ አለ። ካምፑ ውስጥ ያ አፍ ያላማለለው ሰው አልነበረም። ሾፌሩም፣ ዘበኛውም፣ ጸሐፊውም «እስኪ አንዴ ልያዘው» ይላል። ውኃው ከየት እንደሚመጣ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አላስታውስም።

ይህን ያስተዋለው መካኒኩ ኃብቶም ብቻ ነበር። ከአሥመራ የመጣ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠጋ ብሎ፣ «ስማ፤ አፉን ሁሉም ይይዝልሃል። ሥራው ያለው በጭራው በኩል ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በሕይወቴ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጥቅም የሰጠኝ ዐረፍተ ነገር ጥቂት ነው።

ጭራው እንዲህ ነበር። ወንዙ ዳር አንዲት ትንሽ ፖምፓ ውኃውን ወደ ግቢው ታወጣለች፤ አንድ በርሜል ለመሙላት ሃያ ደቂቃ ይፈጅባታል። ቀዩ ማሽን ደግሞ ያንኑ በርሜል በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በመካከል የብረት ገንዳ አለ፤ አሥር በርሜል ይይዛል። የታችኛው አንዱ በርሜል ዝቃጭ ስለሆነ አይነካም፤ የቀሩት ዘጠኙ ሦስት መኪና ያጥባሉ። ገንዳው እየተሞላ አይታጠብም፤ ዝቃጩ ይነሣልና። ሞልቶ፣ ጠልሎ፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። በቀን ሁለት ጊዜ ቢሞላ ስድስት መኪና። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ሌላ ሒሳብ የለውም።

ይህን ሒሳብ ለአቶ ጌጡ ሳስረዳ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ አብሮት የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ በመሳቢያ ቆልፈውበታል። ሥዕሉ ያምራል፤ በቅባት እጅ እንዲነካ አልፈለጉም። እሳቸውም አልነኩትም።

በመጀመሪያው በጋ ቀዩ ማሽን ቀትር ላይ ማሳል ጀመረ። ውኃው ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይተፋል። ኃብቶም ማጣሪያውን ፈታና በጣቱ ዛቅ አድርጎ አሳየኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጭቃ።»

«አሽትተው።»

እበት ነበር። ወደ ወንዙ ወረድሁ። የትንሿ ፖምፓ ጎማ ከተነከረበት ኩሬ በላይ ከሁለት መቶ የማያንስ ከብት ውኃው ውስጥ ቆሟል። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ይቆጣጠራሉ። አያ መለሰ ይባላሉ፤ የመንደሮቹ የውኃ ተራ ዳኛ ናቸው። የማን መንጋ ቀድሞ ይግባ፣ የማን ይቆይ የሚሉት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የወለዱ ላሞች፣ ቀጥሎ በሬዎች፣ መጨረሻ ወይፈንና ጊደር። ሦስት ሰዓት ግድም ጀምረው ስምንት ሰዓት ላይ ያበቃሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያ የሚጮኸው ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ምን ይጠጣል?»

«ውኃ ነዋ።»

«እንግዲያ እንደ ማንኛውም ጠጪ ተራውን ይጠብቅ። ላም እንኳ የተረገጠ ውኃ አትጠጣም፤ ወጣ ብላ ከላይ ነው የምትጠጣው። ያንተዋ ላም ሞኝ ናት።»

ዳር የቆሙት እረኞች ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም፤ እውነት ነበር።

ተስማማን። ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ውኃው የእኔ፣ ከዚያ የከብቱ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ ኩሬው ሲረጋ እንደገና የእኔ። በምላሹ አያ መለሰ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ከግቢያችሁ የሚወርደው ውኃ ላዩ እንደ እርግብ አንገት ያብረቀርቃል። ዘይት ነው። እሱ ኩሬዬ እንዳይገባ።»

ከመታጠቢያው ግርጌ በአካፋና በዶማ ጉድጓድ ቆፈርሁ፤ የታጠበበት ውኃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ዋልካ ሲደርቅ ስንጥቁ ብዙ ነውና መጀመሪያ ይጠጣል፤ ከራሰ በኋላ ግን ጠብታ አያሳልፍም። ስለዚህ ጉድጓዱም እንደ ገንዳው ልክ ነበረው። የስምንት መኪና ውኃ ይይዛል፤ በየማታው እየቀዳን በመንገዱ አቧራ ላይ እንደፋዋለን። በአንድ ቀን ከዚያ በላይ ከመጣ ግን አፉን አልፎ ወደ ኩሬው ይወርዳል።

ስለ ተራው ለአቶ ጌጡ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«የመንግሥት ማሽን ከላም ጋር ተራ ይጠብቃል?»

«ይጠብቃል ጌታዬ። ካልጠበቀ እበት ይበላል።»

ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ሠራን። ማሽኑ አላሳለም፤ ከብቱም አልታመመም። ነገር ያለ ችግር ሲሄድ አለቃ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፤ ችግር ኖሮ አያውቅም ብሎ ያስባል።

አንድ ሰኞ ጠዋት አቶ ጌጡ አስጠሩኝ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሰው ከጎንደር በኩል መንገዱን እየጎበኙ ያልፋሉ። የካምፑ አሥራ ሁለቱም መኪኖች ታጥበው በመንገዱ ዳር እንዲሰለፉ ይፈለጋል። ሁሉም በዚያው ጠዋት መታጠብ አለባቸው፤ ቀድመው ከታጠቡ አቧራ ይለብሳሉና።

ሒሳቤን ይዤ ወደ አያ መለሰ ሄድሁ። ማክሰኞንና ረቡዕን ሙሉ ቀን ውኃ ከለቀቁልኝ የየዕለቱን ስድስት መኪና ሳላቋርጥ ገንዳውን እሞላለሁ፤ ከዚያ ካምፑ ውስጥ ያሉትን አሥራ አምስት ባዶ የናፍጣ በርሜሎች አጥቤ እሞላለሁ። የገንዳው ዘጠኝ ሲደመርበት ሃያ አራት በርሜል፤ ስምንት መኪና። ጉድጓዱም ከዚያ በላይ አይችልም።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ?» አሉ።

«ለሚመጡት ትልቅ ሰው።»

«መኪናው ሲታጠብ መንገዱ ይቃናል?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ምን ሊያዩ ይመጣሉ?»

እንዲያም ሆኖ ሽማግሌው መንጋው ለሁለት ቀን ወደ ታችኛው መሻገሪያ እንዲወርድ ፈቀዱ። ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ በበጋ ፀሐይ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ጥጃ ያስከተሉ ላሞችም አሉበት።

«አንድ ጥጃ መንገድ ቢቀር ባላገሩ የሚይዘው እኔን ነው፤ ፖምፓህን አይደለም» አሉኝ። «ሁለት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ያን የእርግብ አንገት ውኃ ኩሬዬ ላይ ያየሁ ዕለት ግን፣ የእኔና የአንተ ነገር አበቃ። ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ወንዝ እግርህን አታነሣ።»

ቃሌን ሰጠሁ።

በርሜሎቹን ከቀዩ ማሽን ከፍ ባለ የአፈር ድልድል ላይ ደረደርኋቸው፤ ውኃው በራሱ ክብደት እንዲወርድለት። ረቡዕ ማምሻውን ሁሉም ሞልተው ነበር። ለአቶ ጌጡ ስምንት መኪና ዝግጁ መሆኑን ነገርኋቸው።

«አሥራ ሁለት ነው ያልሁህ።»

«ውኃው ስምንት ነው የሚለው ጌታዬ።»

«ውኃ አይናገርም።»

«ሲያልቅ ይናገራል።»

ኃብቶም ከኋላቸው ሆኖ ከንፈሩን ነከሰ። አለቃው ሰደቡኝና ሄዱ። እሳቸው ዘንድ ስድብ የማስረጃ ምትክ ነበር።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ስምንተኛውን ግሬደር ጨረስሁ። ገንዳው የዝቃጩ ምልክት ላይ ደርሷል፤ በርሜሎቹ ባዶ ናቸው። ጉድጓዱ ጢም ብሏል፤ ላዩ ያብረቀርቃል። አንድ ዶዘር ተጨማሪ ቢታጠብ ዘይቱ በቀጥታ ኩሬው ውስጥ ነው። መንጋውም በዚያው ቀን ቀትር ላይ ይመለሳል። ሞተሩን አጠፋሁ።

አቶ ጌጡ በነጭ ሸሚዝና በከረባት መጡ።

«ለምን ቆመ?»

«አለቀ።»

«ወንዙ አለቀ?»

«የሚገባው አለቀ። የሚወጣውም መሄጃ የለውም።»

«የመግቢያውን ጎማ ከማሽኑ ወደ ወንዙ ቀጥታ ጣለው!»

«ይህ ፖምፓ ይገፋል እንጂ አይስብም። ወንዙ ከዚህ የሦስት ሰው ቁመት ወደ ታች ነው።»

«ድንጋይ የሚልጥ ጉልበት ውኃ መሳብ ያቅተዋል? አንሣው!»

«አላነሣም ጌታዬ።»

እስከ ዛሬ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ጀግንነት ያደርጉታል። አልነበረም። ሥራዬን እንዳጣሁት አውቄአለሁ። ግን ሁለት ቀን መንጋቸውን ያንከራተቱልኝ ሰው ከኩሬው ዳር ሆነው ያዩኝ ነበር። ሁለት ዓይነት ፍርሃት ነበረብኝ፤ አንዱ በለጠ።

አለቃው ራሳቸው ጎማውን በሁለት የቀን ሠራተኞች አስጎትተው ወንዙ ውስጥ ጣሉና ሞተሩን አስነሡ። ማሽኑ መጀመሪያ አጓራ፤ ቀጥሎ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ አሰማ። በብረቱ አፍ ጠብታ አልወጣም። ኃብቶም እየሮጠ መጣ።

«ያጥፉት! አየር እየጠጣ ነው!»

«ምን አለበት? አየር ቀላል ነው!» አሉ አቶ ጌጡ፣ የነዳጁን መስጫ ይበልጥ እየከፈቱ።

ይህን ዐረፍተ ነገር እኔ አልፈጠርሁትም። ቃል በቃል ያሉት ነው። ወዲያው የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ጭስ ወጣ፣ ቺንጊያው ተበጠሰ፤ ድንጋይ የሚልጠው ማሽን ቆመ። ከጉድጓዱ ግን ጠብታ አልፈሰሰም፤ የሚፈስ ነገር አልወጣማ። እንግዲህ ቃሌን የጠበቀልኝ ግማሹ የእኔ እምቢታ፣ ግማሹ የአለቃዬ ድንቁርና ነው። ምስጋናውን ለሁለት ነው የምከፍለው።

ትልቁ ሰው አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ስምንቱ ንጹሕ መኪኖች ከፊት፣ አራቱ ጭቃ የለበሱ ከኋላ ተሰልፈዋል። መኪናቸው ቀዝቀዝ አለች፤ መስኮቱ በእጅ ስፋት ወረደ። አቶ ጌጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ከዚህ ባሕር ዳር ለምሳ ይደረሳል?» አሉ ትልቁ ሰው።

«ይደረሳል፣ ክቡርነትዎ።»

መስኮቱ ተዘጋ። በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር አቧራቸውን አስነሥተው ሄዱ። አቧራውም ስምንቱ መኪኖች ላይ ዐረፈ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለማሽኑ ውኃ በመከልከል እንዲቃጠል አድርጌአለሁ ይላል፤ ከኦፕሬተርነት ወደ ቀን ሠራተኛነት ዝቅ ብዬ ይፋግ አጠገብ ቦይ እንድቆፍር ተወሰነ። ኃብቶም የመካኒክ ሪፖርት ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ፖምፓው አየር ጠጥቶ ተቃጥሏል» ይላል። ሁለተኛው አየሩን ማን እንዳጠጣው ይናገር ነበር፤ ያን ዐረፍተ ነገር አለቃው አሰረዙት።

«አራት ልጆች አሉኝ» አለኝ ኃብቶም፣ ዓይኔን ሳያይ።

«አውቃለሁ» አልሁት። አልወቀስሁትም። አንዷን ዐረፍተ ነገር መጻፉም ከሌሎቹ ይሻላል።

ከወር በኋላ በይፋግ ገበያ አያ መለሰ አገኙኝ። ትከሻዬ ላይ ያለውን አካፋ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሾሙህ አሉ።»

«ሾሙኝ፣ አያ።»

«አካፋ ደግ ነው፤ አየር አይጠጣም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከብቶቹ ደኅና ናቸው። ጥጃም አልቀረብን። ኩሬውን በየቀኑ አየዋለሁ» አሉኝ።

ይህን ብለው በሬ ሊገዙ ወደ ከብት ተራው ሄዱ።

ያ መመሪያ መጽሐፍ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ ካምፕ ውስጥ እንደገና ኦፕሬተር ሆኜ ሳለሁ፣ እጄ ገባና ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ገንዳው ከፖምፓው ከፍ እንዲል፣ የሚገባው ከሚወጣው እንዳያንስ፣ የተረበሸ ውኃ እንዳይገባ በሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፎታል። አንድ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌ ከወንዝ ዳር ቆመው ከነገሩኝ የተለየ ነገር አላገኘሁበትም።

ለአዲስ ኦፕሬተሮች የምለው ይህን ብቻ ነው። ማጠቢያ ፖምፓ ከሚገባለት በላይ አያወጣም፤ ከሥሩ ያለውንም አይስብም። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የሚገባውን፣ የሚወጣውንና የታጠበበት የሚሄድበትን ለኩ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አታስነሡት፤ ያዘዘው ማንም ቢሆን።