ምዕራብ ከላይ የሆነበት ካርታ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የጂኦግራፊ ፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ትታው ስትሄድ፣ መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። የአገሪቱን ተራራና ወንዝ በንድፍ ካርታ አሳይታ፣ ሰሜንን በቀስት አመልክታ፣ ከጎኑ በአጭር በአጭሩ አስረድታለች፤ ከአሥር ዘጠኝ አግኝታለች። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፈተና የተፈተንኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያገኘሁትም ዜሮ ነው።

ዘመኑ የጣሊያን፣ አገሩ ሸዋ ሮቢት ነበር። ጣሊያኖቹ በከፈቱት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን ጋሼ ተሰማ የሚባሉ፣ ለካፒቴኑ በአስተርጓሚነት ያደሩ የደጋ ሰው ነበሩ። የከተማው ሰው ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ «ባንዳው» ይላቸዋል። የቆርቆሮው ሙቀት አናታችንን እየቀቀለው፣ አይተናቸው የማናውቃቸውን የጣሊያን ወንዞች ዓመቱን ሙሉ ስንሸመድድ ከርመን፣ የፈተናው ዕለት ካፒቴኑ ራሱ መጣና የገዛ አገራችንን አቀማመጥ በንድፍ ካርታ እንድናስረዳ አዘዘ። ለምን እንደፈለገው አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ደስ ብቻ አለኝ።

አባቴ ከአሊዩ አምባ ወደ አፋር በግመል የሚነግድ ሰው ነበርና መንገዱን አሸዋ ላይ በዱላ እየሣለ ያስተምረኝ ነበር። እኛ የይፋት ሰዎች ላይ ስንል ደጋውን፣ ታች ስንል በረሃውን ነው፤ ስለዚህ አባቴ የአንኮበርን ተራራ ከላይ፣ የአፋርን ሜዳ ከታች አድርጎ ወንዞቹን ቁልቁል ያወርዳቸዋል። እኔም እንደዚያው ሮቢንና ጀውሃን ጎን ለጎን አወረድኩ፤ በመካከላቸው ካለው ገደል ሥር፣ በጋ እንኳ የማይደርቀውን ምንጭ በሦስት ነጥብ አመለከትኩ። አጎቴና አብረውት የሸፈቱት አርበኞች ከዚያ ምንጭ እንደሚጠጡ አውቅ ነበር። ልጅ ነኝና በዚያ ሰዓት የታየኝ ከአሥር አሥር ማግኘት ብቻ ነው።

ካፒቴኑ በየመቀመጫው ሲዞር እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ነጥቦቹ ላይ አድርጎ ጋሼ ተሰማን አንድ ነገር ጠየቃቸው። እሳቸው ወረቀቱን አንስተው ትንሽ አዩትና በጣሊያንኛ መለሱለት፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረው ጮኹ።

«ደደብ! ሰሜን ከላይ ነው አላልኩህም? ምዕራብን ከላይ ሰቅለህ፣ ቀለምህን አንጠባጥበህ፣ ይህም ካርታ ነው?»

ዜሮ ጻፉበትና አራት ቦታ ቀደዱት። ካፒቴኑ ሳቀ፤ ልጆቹም ሳቁ።

እያለቀስኩ ቤት ስገባ አባቴ የግመል ጭነት ገመድ ይጎነጉን ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

«ውሃውንም ሣልከው?»

«አዎ።»

«አይተው ነው የቀደዱት?»

«አይተው ነው።»

አባቴ ገመዱን ለቀቀው። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «አጎትህን ያተረፉት እኚህ ሰውዬ ናቸው። ጣሊያን እስኪወጣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ትንፍሽ አላልኩም። ዜሮው ግን አልወጣልኝም፤ ያ ሁሉ ሳቅ እንደ አሜከላ ውስጤ ተሰክቶ ቀረ።

ጣሊያን የወጣ ሰሞን አባቴ ለንግድ በረሃ ወርዶ ነበር። ሰዉ ተሰብስቦ የጋሼ ተሰማን ዕቃ ከቤት አውጥቶ መንገድ ላይ ጣለው፤ «ባንዳ!» እያለ ተፋባቸው። እሳቸው ጥቂት ልብሳቸውን በጋቢ ቋጥረው ቀና ሲሉ ሕዝቡ መሐል አዩኝ። ያን ጊዜ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ፈራሁ፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ የእጃቸውን አገኙ ብዬ ነበር። አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸውም የደጋውን መንገድ ይዘው ሄዱ።

አባቴ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመልሶ ወሬውን ሰማ።

«አንተ አልነበርክም?» አለኝ።

«ነበርኩ።»

አባቴ በማግስቱ በቅሎ ተውሶ እሳቸውን ፍለጋ ደጋ ወጣ፤ ብቻውን ተመለሰ።

እኔም ካደግሁ ወዲያ በደብረ ሲናና በአንኮበር ብዙ ፈልጌአቸዋለሁ። ምንህ ናቸው ሲሉኝ አስተማሪዬ ናቸው እላለሁ፤ የቀረውን ግን አፍሬ ለአንድ ሰው እንኳ ሳልነግር ይኸው አረጀሁ።