ከቁጥሩ ጎን የተሳለ እንስራ

በ2016 ዓ.ም ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ አምስት ቀን ሸዋ ሮቢት ተማሪ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ ስመለስ ታሰርኩ።

መታሰሬን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መቱህ ወይ?» ብሎ ነው። አልመቱኝም። ገፍተውኛል፣ ሰድበውኛል፣ እሱን ትቼዋለሁ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ እንዲገባችሁ ስለ ትምህርቱ ልናገር። እኛ ሰፈር፣ ቀወት ገጠር ውስጥ፣ የድሮ እቃ የምናስቀምጥባት አንዲት ክፍል አለች። በእጅ የተጻፉ ቁርአኖች፣ ልጆች ይቀሩበት የነበረ የእንጨት ሉህ፣ የሸማኔ እቃ፣ ሁለት ጎራዴ አሏት። ሙዚየም እንላታለን። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ቁልፉ እኔ ዘንድ ያለው ከሰፈር የማልጠፋ ሰው ስለሆንኩ ነው። እንደኛ ያለች ክፍል የሚጠብቁ ሰዎች ከየቦታው ተጠርተው ይሠልጥኑ ተባለና እኔም ሄድኩ። አሥራ ሁለት ሆንን።

አሠልጣኛችን ልጄ የምትሆን ሴት ናት። እቃ አነሳስ አስተማረችን። «መጀመሪያ የምታስቀምጡበትን ቦታ አዘጋጁ፣ ከዚያ አንሱ። በሁለት እጅ። አንድ ሰው ከፊት እየሄደ መንገድ ይክፈት» አለች። እኔ በሆዴ፣ ስልሳ ዓመት እቃ ሳነሳ ኖሬ ይህን ልማር ነው የመጣሁት? አልኩ። ለብረት ነጭ ጓንት አደሉን። ሸክላ ግን በጓንት ያዳልጣል፣ ታጥቦ በደረቀ እጅ ነው አለች። ከዚያ ካርድ አሞላል መጣ፤ የእቃው ቁጥር፣ ከምን እንደተሠራ፣ ጉድለቱ። «ጉድለቱን አትደብቁ። ሁለት እንስራ ይመሳሰላል፣ ሁለት ስንጥቅ ግን አይመሳሰልም። ቢጠፋባችሁ የምታገኙት በጉድለቱ ነው» አለችን። ይህቺን ወደድኳት።

የመጨረሻው ቀን የትውውቅ ነበር። እያንዳንዱ እየተነሳ ስለ አንድ እቃው ከነጉድለቱ ተናገረ፤ በስልኩ ያነሳውንም ፎቶ አሳየ። ከዚያ ስልክ ተለዋወጡ፣ ተለያይታችሁ አትቅሩ፣ አንዱ ሲቸግረው ለሌላው ይደውል ተባልን። እኔ ቁጥር አነባለሁ። ፊደሉን ግን ያኔ በመሠረተ ትምህርት ከተማርኩት ብዙው ጠፍቶብኛል፤ አንድ ስም ስጽፍ ይመሻል። ይህን ስናገር አብራን የምትሠለጥን አንዲት የአጣዬ ሴት ሳቀች።

«ጋሼ፣ ስሜን ሲጽፉ ከሚቸገሩ እንስራዬን ልሳልልዎት» አለችኝ።

ቁጥሯን ጻፈችና ከጎኑ እንስራ ሳለች። አጣዬ ስትቃጠል ከፍርስራሽ ውስጥ በእጇ ያወጣችው እንስራ ነው። ሌሎቹም ይህን አይተው ተከተሏት። አንድ የካራቆሬ መምህር ቁጥሩን ጻፈና የድሮ ጠመንጃ ሳለ። አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ጦር፣ አንዱ መቅረዝ። አሥራ አንድ ቁጥር፣ አሥራ አንድ ሥዕል። ስም አንድም የለበትም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ ኬላ ላይ አስወረዱን። የያዙኝ ሰዎች የማን ወገን እንደነበሩ አልጽፍም። ያ ጊዜ ሁሉም ሁሉን የሚይዝበት ጊዜ ነበር። ቦርሳዬን ፈቱ።

«ይሄ ጓንት ምን ይሠራልሃል?»

«የጣት ላብ ብረት ላይ እንዳያርፍ ነው።»

«የጣት አሻራ እንዳይቀር ነዋ!» አለ አንዱ፣ ጓደኞቹን እያየ። ከዚያ እጁን ኪሴ ሰደደ። ወረቀቱን ዘረጋ። ጠመንጃውን አየ። ጦሩን አየ። ስም የሌላቸውን ቁጥሮች አየ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሰማኝ የለም።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ነው። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ። የማሽላ ገለባ ወለሉ ላይ አለ፣ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ አፍንጫ ያቃጥላል። ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ይጠብሰን ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው ነን። የቆላ ሙቀት ለምጃለሁ፤ እንዲያ ያለ ግን አላውቅም።

እኔ አልተቀመጥኩም። ግድግዳው ላይ ምስማር የበሳው ቀዳዳ ነበር፤ ዓይኔን እሱ ላይ አድርጌ ግቢውን አያለሁ። መኪና በቆመ ቁጥር፣ ከወረቀቱ ሰዎች አንዱን እንዳያመጡ እየፈራሁ፣ የሚወርደውን ሰው እግር አያለሁ። የአጣዬዋ ሴት ቢጫ ነጠላ ጫማ አላት። የካራቆሬው መምህር አንድ እግሩን ይጎትታል። ከመኪናው ሌላ ሰው ሲወርድ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ቀጥዬ አፍራለሁ፣ የወረደውም የሰው ልጅ ነውና። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እነሳለሁ።

ከጎኔ አርባ ዓመት የሚሆነው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። አፉ አያርፍም።

«ኧረ ጋሼ ይቀመጡ! ቀዳዳውን በዓይንዎ አሰፉት እኮ!»

«አንተ ተቀመጥልኝ።»

«እኔማ ሥራዬም መቀመጥ ነው፣ ባጃጅ ቆሞ አይነዳም።»

ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ ለሽንት። በቀን ሁለቴ ሞልቶ ይወጣል። ሁለት ሰው እየተጋፋ ሲያወጣው በተኛ ሰው ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ቡጢ። ሁለተኛው ቀን ላይ ታከተኝና ተነሳሁ። መጀመሪያ ከበሩ ጋ ያሉት ቦታ ይልቀቁ አልኩ። ሹፌሩን ከፊት አስቀደምኩት፣ «እግር! እግር ሰብስቡ!» እያለ ይሄዳል። እኔ በሁለት እጄ፣ አንዱን ከሥር አንዱን ከጎን አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ጠብታ አልፈሰሰም።

«ለሽንት ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ክብር?» አለኝ ሹፌሩ።

«ለሽንቱ አይደለም። ለተኛው ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ በተራ እንዲያ ሆነ። ጀሪካን የሚያነሳ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ እኔን ያያል፣ ልክ ነው ወይ በሚል ዓይነት።

ሦስተኛው ቀን ከዙህር በኋላ ጠሩኝ። ጠረጴዛ ላይ ወረቀቴ ተዘርግቷል። አለቃቸው ጎልማሳ ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ይሄ ጠመንጃው ማነው?»

«ጠመንጃ ነው።»

«ሰውየው ማነው አልኩህ?»

«የድሮ ጠመንጃ ነው፣ ሙዚየም የተቀመጠ።»

«የት ያለ ሙዚየም?»

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ጣልኩ።

«ጦሩስ? ከበሮውስ? ይህቺ እንስራዋ ምንድን ናት፣ ስንቅ አቀባይ?»

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ያ ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም። ቁጥሩ እጁ ላይ አለ፣ መደወል ግን አይችልም። ስለዚህ ስሙንና ከተማውን ከእኔ ፈለገ። እስክሪብቶ ገፋልኝ።

«በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት ስሙንና አገሩን ጻፍ። ከጻፍክ ዛሬውኑ ቤትህ ነህ። ካልጻፍክ አንተን ከዚህ የሚያወጣህ የለም።»

እኔ ጀግና አይደለሁም። ጉልበቴ ያመኛል፣ ቤቴን ፈልጌ ነበር። ግን የአጣዬዋ ሴት ሁለት ልጆች አሏት። ቤቷ ተቃጥሎ ገና በዚያ ዓመት ነው ቆርቆሮ የመታችው። ስሟን ብጽፍ መኪና በዚያ በር ላይ ሲቆም ታየኝ። ቢጫው ነጠላ ጫማ ሲወርድ ታየኝ።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። «ቢስሚላህ» ብዬ ጀመርኩ። አለቃው የምጽፍለት መስሎት ደስ አለው፣ ሻይ አዘዘ። እኔ ፊደል በፊደል ነው የምሄደው። ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ወጣ፣ ተመለሰ፣ እኔ ገና ነኝ። ደግሞ ወጣ። ስጨርስ አስር ሶላት ደርሶ ነበር።

ወረቀቱን አነሳና ጮክ ብሎ አነበበው።

«እንስራ። ሸክላ። በእሳት ምክንያት ከአፉ ወደ ጆሮው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አራት ጣት። ውሃ አይዝም።» ቀና ብሎ አየኝ። ቀጠለ። «ጠመንጃ። ብረትና እንጨት። ሰደፉ በሽቦ ታስሯል። ቃታ የለውም። ከበሮ። እንጨትና ቆዳ። አንዱን ወገን አይጥ በልቶታል…» አቆመ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ካርድ ነው። ከምን እንደተሠራና ጉድለቱ።»

«የሰው ስም ነው እኮ ያልኩህ!»

«ሰው አይመዘገብም። የሚመዘገበው እቃ ነው። የተማርነው እንደዚያ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ወረቀት ሲታጠፍ ነው። ኪሱ ከተተው። «አስገቡት» አለ።

ከዚያ የነበሩት ቀናት ከሁሉም ባሱ። ቀዳዳው ጋ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ወረቀቱን ኬላው ላይ አላምጬ ብውጠው ኖሮ እላለሁ። ስድስተኛው ቀን ላይ ከውጭ አንዱ ጠባቂ በስልክ ሲጮህ ተሰማ፤ «ሃሎ! መጣ እንዴ ኔትወርኩ?» ይላል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

«ምነው ጋሼ?» አለኝ ሹፌሩ።

«አሁን ሊደውሉ ነው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ከጎኔ ተነስቶ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አደረገ። «እርስዎ ይረፉ፣ እኔ አያለሁ። ቢጫ ነጠላ ጫማ አይደል ያሉኝ?» አለ።

በስምንተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አለቃው ራሱ በሩ ላይ ቆመ። ቦርሳዬን ይዟል። ጓንቱ አለ፣ ወረቀቱ የለም።

«ይሂዱ» አለኝ። አንቱ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ያን ምሽት ጀሪካኑን የማወጣበት ተራዬ ነበር። «አንዴ ታገሰኝ» አልኩትና ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ጠባቂው «ሰውየው አብዷል!» ሲል ሰማሁት። ሹፌሩ ከፊት ሄደ፣ «እግር፣ እግር» ይላል። በሁለት እጄ አወጣሁት፣ ደፋሁት፣ አጥቤ መለስኩት። እጄን በአሸዋና በውሃ አሸሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዛሬም ክፍሏ አለች፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው። አዲስ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡ አነሳስ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። የት ተለማመዱት ሲሉኝ ሸዋ ሮቢት ነው እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልናገርም። መኪና በቆመ ቁጥር ግን እግር ማየት እስካሁን አልተወኝም። ሹፌሩ ከእኔ በኋላ ሁለት ወር ቆይቶ ተፈታ፤ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልኛል።

የተፈታሁ ማግስት ሱብሒ ሰግጄ ተነሳሁ። ሚስቴ «ገና ትናንት ገብተህ ዛሬ ደግሞ ወዴት?» ብላ በር ላይ ቆመች። «አጣዬ» አልኳት። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ቀርቷል፣ ልደውል አልችልም። በዓይኔ ካላየሁ ምግብም አይወርድልኝ። ሚኒባሱ በየኬላው እየቆመ ደረስኩ።

የእሷ የሙዚየም ክፍል ክፍት ናት። ከደፉ ላይ ቢጫው ነጠላ ጫማ አለ። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፄን ሰምታ ወጣች፣ አየችኝ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መያዝዎን ሰምተን ነበር ጋሼ» አለች። «የት እንዳሉ ግን የሚነግረን ጠፋ። በሕይወት መኖርዎንም አናውቅም ነበር።»

«ደወሉልሽ?»

«ከትናንት ወዲያ። የማላውቀው ወንድ ነው። እንስራ አለሽ ወይ አለኝ። ገዢ መስሎኝ አይሸጥም፣ የሙዚየም ነው አልኩት። ስንጥቅ አለው? አለኝ። አለው አልኩት። ስንት ይሆናል? አለኝ። ሄጄ በጣቴ ለካሁና አራት ጣት አልኩት። ዘጋው።»

«ሌሎቹስ?»

«ወዲያው ለካራቆሬው ደወልኩ። እሱንም ጠመንጃው ቃታ አለው ወይ ብለውታል። ባለ ከበሮውን አይጡን ጠይቀውታል። ሁሉም ያለውን ተናገረ። ማንንም አልነኩም።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ስንጥቁን ያን ቀን የሰማነው አሥራ ሁለት ነን። ከአሥራ ሁለቱ የጠፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰውየው ስንጥቁን ሲጠይቀኝ ጊዜ፣ ጋሼ በሕይወት አሉ፣ እየተናገሩ ነው አልኩ።»

ውሃ ስጪኝ አልኳት። እጄን ታጠብኩ፣ በሽርጤ አደረቅኩ። «ጠረጴዛውን ባዶ አድርጊልኝ» አልኳት። አደረገች። እንስራውን በሁለት እጄ ከመደርደሪያው አንስቼ አስቀመጥኩና ጣቶቼን ስንጥቁ ላይ ደረደርኩ። አራት ነው። አልጨመረም።

ከዚያ አዲስ ወረቀት አመጣች፣ ቁጥሯን ጻፈችልኝ። እንስራውን ግን በዚህ ጊዜ እኔው ሳልኩት፣ ከነስንጥቁ።