ቡክራ እና ማሌሽ

መተማ ላይ ሻይ የሚሸጠው ጀይሉ ስለ ሱዳን ያልመከረው መንገደኛ የለም። ምክሩን የሰማች አህያ ካርቱም ደርሳ ትመለሳለች ይባል ነበር።

"ሰላምታውን ሳትጨርስ ዋጋ እንዳትጠይቅ! ሹሙ 'ቡክራ' ካለህ ነገ ማለቱ ነው፤ የትኛው ነገ እንደሆነ አትጠይቀው። 'ማሌሽ' ካለህ ግን አይዞህ ማለቱ ነውና ነገርህ አለቀለት፤ ጓዝህን ሸክፈህ ተመለስ።"

እሱ ግን ወደ ሱዳን የሚያሻግረውን ድልድይ ተሻግሮ አያውቅም፤ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት አልሰጠውም። አሁን ማዶ ገላባት ያለችው እህቱ ሙሚና ልትዳር ነው። አባታቸው ስለሞቱ ኒካሁን የሚያስርላት እሱ ብቻ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እንግዳው ስምንት ቀን ሙሉ "ነገ ና" አለው።

ዓርብ ጧት ጀይሉ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ቀረበ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ኒካሁ እኮ ዛሬ ነው!"

ጓድ እንግዳው አምና ሱዳን ለስብሰባ ሲሄድ የጀይሉን ምክር በደንብ አጥንቶ ነበር። ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣

"ማሌሽ፣ ጀይሉ" አለው።

ጀይሉ በጀለቢያው ሻይ ሊቀዳ ተመለሰ። የማዶው ከበሮ ይሰማል። ወረቀት ያለው አንድ መንገደኛ ምክር ሊጠይቀው ቀረበ።

"ምክር የለኝም፣ ወንድሜ። ሙሚና የምትባል ሙሽራ ካገኘህ፣ ጀይሉ 'ቡክራ' ብሏል በላት።"