አርባ አንድ ጥርስ

አዲስ ቺንጊያ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ ታውቀዋለህ? የጎማ ሽታ ነው፤ ግን ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዛሬ ጠዋት አንዱን ከፍቼ በእጄ እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ። ሠራተኞቼ "ደግሞ ጀመራት" ተባባሉ። ይበሉ። አካሌ ደብረ ብርሃን፣ ጋራዤ ውስጥ ነበር፤ ልቤ ግን የተወለድኩባት ቀየት ሄዷል፣ አባቴ ግቢ።

አባቴ በወጣትነታቸው የባና ሸማኔ ነበሩ። የመንዝ ብርድ ያለ በግ ጠጉር ባና አይቻልምና ሥራ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ኋላ ወገባቸው እንቢ ሲላቸው አሮጌ ፒካፕ ገዝተው ከገበያ ገበያ ሰውና እህል ማመላለስ ያዙ። ቤታችን የቆመው በዚያች ፒካፕ ነበር። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ገብቼ መካኒክነት ተምሬ መጣሁ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ባለ ጋራዥ "ሰኞ ነይና ሥራ ጀምሪ" ብሎኛል፤ አባቴ ግን አልፈቀዱም። "ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ተጋድማ? አይሆንም" አሉ። በቃ፣ ያቺን ብቻ ነው ያሉት።

ያን ሰሞን የፒካፗ የታይሚንግ ቺንጊያ ተሰነጣጥቆ ነበር። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሳም መዘውር አያይዞ እኩል የሚያስኬድ፣ እሱም ጥርስ ያለው ቀበቶ ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩ ራሱን በራሱ ይሰባብራል። አባቴ እስከ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ትደርስልኝ ይሆን እያሉ ሲጨነቁ፣ ምላሴ መቼም አርፎ አያውቅም፣ "እዚሁ ግቢ ውስጥ እኔ እቀይረዋለሁ" አልኩ።

አባቴም ቃል አስያዙኝ። "ካስነሳሻት ሰኞ ትሄጃለሽ። ከገደልሻት ግን ጋራዥ የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

"እሺ" አልኩ። ምን ልበል? ተናግሬ ተይዣለሁ።

አዲሱን ቺንጊያ በአውቶቡስ አስመጣን። ቅዳሜ ማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ራዲያተሩን አወረድኩ፤ የቺንጊያውን ክዳንም ፈታሁ። ሞተሩን ወደ መግጠሚያው ቦታ አዙሬ ሁለቱ ጥርሳም መዘውሮች የቆሙበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፤ በራሳቸው ላይም፣ በሞተሩ አካል ላይም። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ምን እየጸለዩ ነው አባባ?"

"እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

"የቺንጊያውን ጥርስ ነዋ።"

ሳቅሁባቸው። "ይሄ እኮ ባና አይደለም" አልኳቸው። መቁጠራቸውን ቀጠሉ።

አሮጌውን ቺንጊያ ሳወጣ የላይኛው መዘውር ቀጭ ብሎ ከቦታው ዞረ። አልደነገጥኩም፤ ጠመኔዬ አለልኛ። ለካ እናቴ ጭንቀቱን አልቻለችውም፤ የንስሐ አባታችንን አስጠርታ ኖሯል። መጡ፣ ጸለዩ፣ የተከፈተውን ሞተር ጠበል ረጩት። እኔም መስቀል ተሳልሜ እስከ አጥር በር ሸኘኋቸው።

ስመለስ አባቴ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ጠበሉ መሬት ተንጠባጥቦ እግር እንዳይረግጠው፣ በጋቢያቸው ጫፍ እያንዳንዱን ጥርስ፣ የሞተሩንም አካል፣ በክብር ይጠርጋሉ። ሁሉም ጠርቷል። አንዲት የጠመኔ ምልክት አልቀረችም።

"አባባ፣ ምልክቴን ጠረጉት።"

እጃቸው የጋቢውን ጫፍ እንደያዘ ቀረ።

በናፍጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዝገቱን ፈቀፈቅሁ። በሁለቱ መዘውሮች ላይ ፋብሪካው ያኖራቸው ነጥቦች ወጡልኝ፤ ጠመኔዬ የነበረው እነሱው ላይ ነው። የታችኛው ከቦታው አልተነቃነቀም። የላይኛው ነጥብ ግን በሞተሩ አካል ላይ ካለች ጭረት ጋር መግጠም አለበት፤ እዚያ ደግሞ ሁለት ጭረቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ የፋብሪካው ናት፣ አንዷ የዝገቱ። በተሳሳተችው ካሰርኩ ሞተሩ አይነሳም፤ ሊሰበርም ይችላል። የአባቴ እንጀራ፣ የእኔ ሰኞ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከታችኛው ምልክትሽ እስከ ላይኛው፣ በቺንጊያው አርባ አንድ ጥርስ ነበር" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ሦስቴ ቆጥሬዋለሁ። ድሩን አንዴ ብቻ ቆጥሮ የሚሸምን ሰው ባናው ይጣመምበታል።"

ጠዋት የሳቅሁባቸው ሰውዬ ናቸው። እሳቸውም ሴት ልጅ መካኒክ አትሆንም ያሉኝ። ሌላ ምርጫ ግን አልነበረንም። አዲሱን ቺንጊያ በመጀመሪያዋ ጭረት ገጥሜ ከወዲህ እኔ፣ ከወዲያ እሳቸው ጣታችንን እያስኬድን ቆጠርን። አርባ ሁለት። ፈታሁት። በሁለተኛዋ ገጠምኩና እንደገና ቆጠርን። አርባ አንድ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ አርባ አንድ።

"እሰሪው" አሉ።

አሰርኩት። ሞተሩን በመፍቻ ቀስ ብዬ ሁለት ዙር በእጄ አዞርኩ፤ የሚነካካ ነገር የለም። ሁሉንም ወደ ቦታው መልሼ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

"የፈታሻት አንቺ፣ አስነሻት አንቺ።"

ጋቢና ገባሁ። አንዴ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ከዚያ ያዘች! ስንቱን ሞተር አስነስቻለሁ መሰለህ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ዳግም አልሰማሁም። ጮህኩ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት በካቡ ላይ አንገቱን አሰገገ። አባቴ ፒካፗን ዞሩና በወዲያኛው በር ገብተው ጎኔ ተቀመጡ። በዚያ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም።

"በይ ንጂ" አሉ።

ቀየት ገበያ መሃል ለመሃል ነዳሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እስኪያየን። "ምነው፣ አመመዎ እንዴ?" ሲሏቸው አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "ደህና ነኝ። ልጄ ናት የምትነዳው። ሞተሩንም የሠራችው እሷው ናት" ይሉ ነበር። ያልጠየቋቸውንም ሳይቀር እየጠሩ ነገሯቸው። ሰኞ ሄድኩ።

ዛሬ ሠራተኞቼን ጥርስ ሦስቴ ስለማስቆጥራቸው "ሸማኔዋ" ይሉኛል። ደስ ይለኛል።

አባቴ ባለፈው ክረምት አረፉ። ከሐዘኑ በኋላ እናቴ ጋቢያቸውን ሰጠችኝ። በረዶ የመሰለ ጋቢ፤ አንዱ ጫፉ ብቻ በግራሶ ጠቁሯል። "ይሄ ለምን አልታጠበም?" አልኳት።

"ሳጥብ መጥተው ያንን ጫፍ ከውሃው አውጥተው ይይዙት ነበር" አለችኝ። "'እሱን ተዪው። ልጄን ላስቀራት የነበርኩት በሱ ነው' ይሉኝ ነበር።"

እኔም አላጠብኩትም።